በየትኛው እጅ ነው የተለካችሁት?

እናቴ በየወሩ ግፊቷን የምትለካበት ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር አለ። በቀኝ በኩል ግድግዳው ጋ ተጠግቷል፣ ጠረጴዛው ደግሞ በግራ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው እዚያ ሲቀመጥ ጠረጴዛው ላይ የሚያርፈው ግራ እጁ ነው፣ ቀኝ እጁ ግድግዳውን ይታከካል። ሲስተርም የምታስረው የቀረባትን እጅ ነው። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ደርሷል። በዚያ ሰዓት ወንበር የሚያዞር ሰው የለም፣ ማንንም አልወቅስም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ወንበር አይቼዋለሁ። ቦርሳዋንና ነጠላዋን ይዤ በሩ ላይ ነው የምቆመው። አንድም ቀን ግን «ለምን ሁልጊዜ በግራ?» ብዬ አልጠየቅኩም፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ካርዷ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ደስ የሚል ነበር። 128 በ78። 126 በ80። አንድ ጊዜ 134 ሲሆን ለቅሶ ቤት አድራ ስለመጣች ነው ተባለ። «ግፊትዎ ተስተካክሏል እማማ፣ ክኒንዎን ብቻ እንዳያቋርጡ» ይሏታል። እሷም መርቃቸው ትወጣለች፣ ታክሲ ይዘን ወደ ሽሮ ሜዳ እንመለሳለን።

ነገሩ የተገለጠው በአንድ ማሽን ነው። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ለፋሲካ ከሚመጣ ሰው ጋር የግፊት መለኪያ ላከችልን። ውጭ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ማሽን ያውቀዋል፣ ከቫይታሚኑና ከጫማው ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። በባትሪ የሚሠራ፣ ክንድ ላይ የሚታሰር ነው። ያን ሰሞን እማዬ እንጀራ ስታወጣ ምጣዱ ግራ እጇን ከክርኗ ዝቅ ብሎ አቃጥሏት ነበርና ጨርቁን ያሰርኩላት በቀኝ እጇ ላይ ነው። ማሽኑ ተነፋ፣ ተነፈሰ፣ ቁጥሩ መጣ።

154 በ82።

ወንድሜ ወዲያው «ማሽኑ ተበላሽቷል» አለ። ደግመን ለካን፣ 152። ጎረቤታችን ጋሼ ቡና ሊጠጡ መጥተው ስለነበር «እስቲ እኔን ለኩኝ» አሉና ለካናቸው፣ 118 ሆነ። ማሽኑ ደህና ነው ማለት ነው። ያኔ ነው እማዬ ራሷ «በዚያኛው እጄ ሞክሩኝ፣ ጤና ጣቢያ የሚለኩኝ በሱ ነው» ያለችው። የተቃጠለችውን ቦታ እንዳይነካ ተጠንቅቄ ከክርኗ በላይ አሰርኩላት።

129 በ79።

አንድ ሰው፣ አንድ ጠዋት፣ አንድ ማሽን። በሁለቱ እጆች መካከል 25 ልዩነት።

አሁን የምነግራችሁ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ሁላችንም የመረጥነው ዝቅ ያለውን ቁጥር ነው። ወንድሜ «ግራ እጅ ለልብ ስለሚቀርብ ትክክለኛው እሱ ነው» አለ፣ ጋሼም አዎን አሉ፣ እኔም ልቤ እንዲያ እንዲሆን ስለፈለገ ተቀበልኩ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት በግራ እጇ ብቻ ለካናት። በየቀኑ ጥሩ ቁጥር እያየን፣ በየቀኑ ለእህቴ በስልክ «ደህና ናት» እያልን። ቤት ውስጥ ሰው ሲታመም ደግ ቁጥር እንዴት እንደሚያባብል የሚያውቅ ያውቀዋል። ክፋት አልነበረንም፣ እናታችን ደህና እንድትሆን ነበር የፈለግነው።

ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ማታ ተቀምጬ አነበብኩ። ያነበብኩት ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱ እጆች ከተለያዩ የሚታመነው ከፍ ያለው ነው። ከዚያ በኋላም ሰውየው ሁልጊዜ መለካት ያለበት በዚያው እጅ ነው። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ የግፊት በሽታ ሲመረመር በሁለቱም እጆች ይለካ ይላል፣ ልዩነቱ ከ15 በላይ ከሆነ እንደገና ይለካ፣ አሁንም ከቀጠለ ከዚያ ወዲያ ከፍ በሚለው እጅ ይለካ ይላል። እናቴ 25 ነበረች።

ለምን ከፍ ያለው? ይህን የገባኝ በውሃ ነው። የአዲስ አበባ ሰው የቧንቧ ነገር አይከብደውም። ከመንገድ የሚገባው መስመር አንድ ነው፣ ግቢው ውስጥ ሁለት ቧንቧ አላችሁ እንበል። አንዱ ጋ ውሃው ፏ ብሎ ይወርዳል፣ ሌላው ጋ ቀጭን ሆኖ ይንጠባጠባል። ይህ ማለት የከተማው መስመር ግፊት ዝቅ አለ ማለት አይደለም። ወደዚያኛው የሚሄደው ብረት ውስጡ ዝጎ ጠቧል ማለት ነው። እጅም እንዲሁ ነው። ከልብ የሚወጣው ግፊት አንድ ነው። አንደኛው እጅ ዝቅ ያለ ቁጥር የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ በመንገዱ ላይ አንድ ቦታ ቧንቧው ስለጠበበ ነው። አንጎሏ፣ ልቧና ኩላሊቷ የሚቀበሉት ግን ፏ ብሎ የሚወርደውን ነው። እኛ ግራ እጇን እያየን ደስ ሲለን 150ው ውስጥ ውስጡን ሥራውን ይሠራ ነበር።

ወንድሜ ያለው «ግራ ለልብ ይቀርባል» የሚለው ነገር ብዙ ቤት እንደሚነገር ደርሼበታለሁ። ልክ አይደለም። የሁለቱ እጆች የደም ቧንቧዎች አመጣጥ ይለያያል እንጂ ቅርበት አይደለም ቁም ነገሩ። የግራው ከዋናው ትልቅ ቧንቧ፣ ከአኦርታ፣ ቀጥታ ነው የሚነሳው። የቀኙ ግን ወደ አንገት ከሚወጣው የቀኝ ቧንቧ ጋር በአንድ ግንድ ተጀምሮ ነው በኋላ የሚለያየው። በጤነኛ ሰው ላይም ትንሽ ልዩነት አለ። አምስት፣ ስምንት ብታዩ አትደንግጡ፣ ሁለት እጅ እኩል ቁጥር ሲያሳይ ነው እንዲያውም ብርቅ። መጥበቡ ግን በግራ በኩል በብዛት ይታያል፣ የእማዬም በግራ ነው የተገኘው።

ሐኪም ጋ ይዣት ሄድኩ። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ አትቸኩልም። ነገሩን ስነግራት መለኪያዋን ወዲያው አላነሳችም። ወንበሯን ስባ ከእማዬ ፊት ለፊት ተቀመጠችና ሁለቱንም እጆቿን አንድ ላይ ያዘቻት፣ በቀኝ እጇ ግራዋን፣ በግራ እጇ ቀኟን፣ ጣቶቿን ከአውራ ጣቷ ሥር የምትመታው ሥር ላይ አድርጋ። ዓይኗን ጨፈነች። እማዬ የምትጸልይ መስሏት ዝም አለች። ደቂቃ ያህል ቆየችና «ይሄኛው ደከም ይላል» አለች፣ ግራውን ይዛ።

ቀጥላ ማዳመጫዋን ከአንገቷ ሥር፣ ከትከሻዋ አጥንት በላይ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ላይ አደረገች። ሰምታ ስትጨርስ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። በቀኝ በኩል ምንም የለም። በግራ በኩል ግን አለ፦ ሹ… ሹ… ሹ…። የውሃ ጎማ አፉን በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደሚያሰማው። የእናቴን ደም በጆሮዬ ሰማሁት። ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፣ እንባዬ መጣ።

በኋላ ስለዚህ ድምፅ ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ፣ ሲስተሮቹ ካፍ የሚሉትን፣ ለግፊት መለኪያ ያዋለው ሪቫ ሮቺ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1896። እሱ ግን በማዳመጫ አይሰማም ነበር፣ የእጅ አንጓ ላይ የሥሩን ምት በጣቱ እየዳሰሰ የላይኛውን ቁጥር ብቻ ነበር የሚያገኘው። በ1905 ኒኮላይ ኮሮትኮፍ የሚባል ሩሲያዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ማዳመጫውን ከካፉ በታች፣ ክርን ላይ አድርጎ ሰማ። ካፉ ሲጠብቅ ዝምታ፣ ላላ ሲል ደሙ በጠበበው መንገድ እየተጋፋ ሲያልፍ ድምፅ፣ ጨርሶ ሲላላ እንደገና ዝምታ። ድምፁ ሲጀምር የላይኛው ቁጥር፣ ሲጠፋ የታችኛው። እስከ ዛሬ ሲስተሮቻችን ማዳመጫ ክርናችን ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ለመስማት ነው። ድምፁ የጠበበ ቧንቧ ድምፅ ነው ማለት ነው። ጤነኛ ሰው ላይ እንዲሰማ መጀመሪያ በካፍ መጨምደድ አለበት። የእናቴ ቧንቧ ግን ማንም ሳይጨምድደው ብቻውን ያንኑ ዓይነት ድምፅ ያሰማ ነበር፣ ከአንገቷ ሥር፣ ስትተኛም፣ ቡና ስታፈላም።

አልትራሳውንድ ታዘዘላት፣ የደሙን ፍሰት የሚያሳየው ዓይነት፣ ዶፕለር የሚሉት። ወደ ግራ እጇ የሚሄደው ቧንቧ ጠቧል። ስብና ካልሲየም ግድግዳው ላይ ተጋግሮ ነው።

እዚህ ላይ ዶክተሯ እማዬን አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት። «እማማ፣ ግራ እጅዎ ሥራ ሲሠሩ ይደክማል?» እማዬ በጣም ተገረመች። «አዎ ልጄ፣ ልብስ ሳሰጣ ይዝልብኛል፣ እጄን ከፍ አድርጌ መቆየት አልችልም፣ እርጅና ነው ብዬ።» ይህን ስትል ሰምቻታለሁ። ስንት ጊዜ! «እጄ ዛለ» ስትል፣ ቁጭ በይ እያልኩ ልብሱን ተቀብያት አስጥቻለሁ። እጇ ሲዝል ደም አልበቃ ብሎት ነበር። ዶክተሯ ስትሠራ ያዞራት እንደሆነም ጠየቀች። የጠበበው ቧንቧ ሲብስ እጁ ወደ አንጎል ከሚሄደው ደም ይሻማል፣ እጅ ሲሠራ ሰው ሊያዞረውና ሊወድቅ ይችላል። እማዬን አያዞራትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ቧንቧውን በመሣሪያ የማስፋት ሕክምና አለ፣ ለእሷ ግን አሁን አያስፈልግም ተባልን። የተደረገው ቀላል ነው። የግፊት ክኒኗ መጠን ተጨመረ፣ ኮሌስትሮል የሚቀንስ ክኒን ተጀመረላት፣ ጨውና ዘይት ላይ እንድትጠነቀቅ ተነገራት። ካርዷ ላይ ደግሞ ከላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል፦ «ግፊት በቀኝ እጅ ብቻ ይለካ።»

አሁን ስለ ቁጥሮቹ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ነገሩ የእናቴ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሥራ ከ24 ጥናቶች ወደ 54,000 የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ አድርገው ተመለከቱ። ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ፣ ከእስያና ከአፍሪካም የተሰበሰበ ነው። ያገኙት፦ በላይኛው ቁጥር በሁለቱ እጆች መካከል የሚታየው ልዩነት በአንድ ቁጥር በጨመረ ቁጥር፣ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት የደረት ሕመም፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ የመምጣቱ ዕድል በአንድ በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ እስከ 10 ያለውን እንደ ጤነኛ ልዩነት እንቁጠር፣ ከዚያ በላይ ያለው ይታይ ነው የሚሉት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ አንድ ቦታ የጠበበ ቧንቧ ያለው ሰው ልቡም አንገቱም አካባቢ እንዲሁ ጠቦ ሊሆን ይችላል። እጅ በቀላሉ የሚታይ ደጃፍ ነው። የሚያስፈልገው ምርመራ ደግሞ ብር የማይጠይቅ፣ መርፌ የሌለው፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ የሚጨምር ነገር ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ውድ መሣሪያ የለንም እንላለን፣ እውነት ነው የለንም። ሁለተኛ እጅ ግን ሁሉም ሰው አለው።

ቤት ውስጥ ስትለኩ ግን ጥንቃቄ አለው፣ እኛም መጀመሪያ ተሳስተን ነበር። የመጀመሪያው ልኬት አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል፣ ሰውየው ገና ስላልተረጋጋ። ቀኝን መጀመሪያ ግራን ቀጥሎ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ለክታችሁ «ልዩነት አለ» ብትሉ ልዩነቱ የመረጋጋት እንጂ የእጅ ላይሆን ይችላል። አምስት ደቂቃ ቁጭ ይበል፣ ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ መሬት ነክቶ፣ ሳይነባበር። ከዚያ ቀኝ፣ ግራ፣ እንደገና ቀኝ፣ እንደገና ግራ፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ እየጠበቃችሁ። በሌላ ቀን ደግሞ ከግራ ጀምሩ። ልዩነቱ እየተመላለሰ በአንድ በኩል ከቀረ እውነተኛ ነው።

እጁ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ወይም ትራስ ላይ ይረፍ። ተንጠልጥሎ ከተለካ ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል፣ አንዱ እጅ ተደግፎ ሌላው ተንጠልጥሎ ከተለካ ደግሞ የሌለ ልዩነት ፈጠራችሁ። የሀገር ልብስ እጅጌ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ክንድ ሲያንቅ አይቻለሁ፣ ያም አይሆንም፣ እጁ ይውጣ። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ካፍ ቁጥሩን ከእውነቱ በላይ ያደርገዋል። ቡናው ላይ ትልቁ ጸብ ነው፣ ከመለካት በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም። እማዬ ይህን ስነግራት «ታዲያ በረካውን ጠጥቼ እለካለሁ» አለችኝ፣ አሁን ጠዋት ጀበናው ከመጣዱ በፊት ነው የምንለካት። አንድ የእኛ ቤት ችግር ደግሞ አለ፣ አንድ ሰው ሲለካ ቤተሰቡ በሙሉ ከቦት ያወራዋል። ማውራት ግፊት ይጨምራል። ዝም በሉለት።

የማይለካ እጅም አለ። የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ብብቷ ሥር ያሉት ዕጢዎች የወጡላት ሴት በዚያ በኩል ከመለካቷ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ። ለኩላሊት እጥበት ክንዱ ላይ ሥሩ የተገናኘለት ሰው በዚያ እጅ ፈጽሞ አይለካም።

ወጣቶች ደግሞ «ይሄ የሽማግሌ ነገር ነው» እንዳይሉ። ታካያሱ የሚባል የትልልቅ ደም ቧንቧዎች ብግነት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ስለ በሽታው በጻፈው ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም ስም የሚጠራ። በብዛት የሚይዘው ወጣት ሴቶችን ነው፣ ብዙዎቹ ገና 40 ሳይሞላቸው። የእጅ ምት የማይዳሰስበት ጊዜ ስላለ «ምት አልባው በሽታ» ይሉታል። አንዱ ምልክቱ የሁለቱ እጆች ግፊት መለያየት ነው። ሃያ ምናምን ዓመት የሆናት ልጅ እጇ ቶሎ ቶሎ እየዛለ፣ ትኩሳትና ድካም እየተመላለሰባት በአንድ እጅ ብቻ ተለክታ «ግፊትሽ ዝቅ ብሏል፣ በደንብ ብዪ» ተብላ ልትመለስ ትችላለች። ሌላው እጅ ላይ ያለውን የሚያይላት ካልተገኘ።

አንድ ነገር ደግሞ ለነገ የማይባል አለ። ድንገት ደረት ወይም ጀርባ ውስጥ የሚቀድ የሚመስል ከባድ ሕመም የመጣበት ሰው ቤት ተቀምጦ እጅ አያፈራርቅም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ይሄዳል። የአኦርታ ግድግዳ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፣ እዚያ ድንገተኛ ክፍል ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የሁለቱ እጆች ልዩነት ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ በሁለቱም እጁ ይለካል። ጋሼ 118 እና 114። ወንድሜ 4 ልዩነት። እኔ 6። አክስቴ 14 ሆና ሦስት ቀን ደጋግመን ለክተን አሁንም 13፣ 14 ስለሆነች ባለፈው ሳምንት ሐኪም ጋ ይዣት ሄጃለሁ፣ ቀጠሮ ላይ ናት።

እማዬ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አሁን ወንበሩ ላይ ከመቀመጧ በፊት ራሷ ታዞረዋለች። ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ትቀመጣለች፣ ቀኝ እጇ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። «ሲስተር፣ የኔ በዚህ ነው» ትላለች። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ለምን እንደሆነ ይጠይቋታል፣ ታስረዳቸዋለች፣ ባለፈው ወር ሁለቱ «እኛንም በሁለቱም ለኩን» ብለው ተለክተዋል። ሲስተሯ አልተቆጣችም። ወንበሩን እንደዞረ ተወችው።

ቤት ውስጥ የምትለካውን የዕቁብ ሂሳብ የምትይዝበት ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ከኋላ ጀምራ፣ በሁለት መስመር። «ቀ» እና «ግ»። ቅዳሜ ጠዋት የጻፈችው ቀ 136፣ ግ 113 ይላል። «ቀ» የምትለውን በእስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ደግማ አድምቃታለች።